ጽዋችን ወዴት ሄደ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቆሻሻ ነው። «ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ቆሻሻ ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ቅዱሳን ተጋድሎ መማር የለመደ ሰው ስለ ፌስታልና ስለ ሃይላንድ ሲነገረው ትምህርቱ ከዐውደ ምሕረት ወርዶ ማዘጋጃ ቤት የገባ ይመስለዋል። እንዲህ የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብበን፤ ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። የጽዋ ማኅበር ስሙን ያገኘው ከጽዋው ነው። ማኅበርተኛው በወር በወሩ በቅዱሱ ስም ይሰበሰባል፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ እስከሚቀጥለው ወር ድረስም ቅዱሱን በእንግድነት እንደተቀበለ ቆጥሮ በክብር ያኖረዋል። አንድ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሰው ዕድሜ ያህል ያገለግላል። አባት ያርፋል፣ ልጁ በእግሩ ይተካል፣ ጽዋው ግን ያው ነው።

አሁን አሁን ግን በየማኅበሩ ምን እናያለን? ጽዋው ለወጉ ያህል በአንድ ጥግ ይቀመጣል። መጠጡ የሚቀዳው በጥቅል ተገዝቶ በመጣ ስስ የላስቲክ ኩባያ ነው። ንፍሮውና ዳቦው በላስቲክ ሳሕን ይታደላል። ማኅበርተኛው አንድ ጊዜ ጠጥቶ ኩባያውን በእጁ ያጨማድደዋል፣ ከወንበሩ ሥር ይጥለዋል፣ «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» ብሎ ይነሣል። በማግስቱ ተረኛዋ እናት ሁሉን በፌስታል ሰብስባ ከአጥር ውጭ ታፈሰዋለች። ለአሥር ደቂቃ ያገለገለው ኩባያ በዚያ ማኅበር ካሉት ሰዎች ሁሉ፣ ከልጆቻቸውም ከልጅ ልጆቻቸውም በላይ በምድር ላይ ይቆያል። አባቶቻችን ለቅዱሱ ብለው ዕድሜ ልክ የሚኖር ጽዋ አዘጋጁ፤ እኛ ደግሞ በዚያው በቅዱሱ ስም ዕድሜ ልክ የሚኖር ቆሻሻ እያዘጋጀን ነው።

«ዕቃ ማጠብ ያደክማል» ይባላል። እውነት ነው፣ ያደክማል። ይህን የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሲያጥቡ የኖሩት እናቶችና እኅቶች ስለሆኑ ልንቆጣቸው አንችልም። ሰባ ሰው የበላበትንና የጠጣበትን ዕቃ በደባርቅ ብርድ፣ ከቦኖ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ታዲያ መፍትሔው ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረው ቢያጥቡ አይደለምን? ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠብ ያስተማረንን በጸሎተ ሐሙስ እናስበዋለን (ዮሐ. 13፥4-15)። እግር ያጠበ አምላክ ያለው ማኅበርተኛ ብርጭቆ ማጠብ እንዴት ያሳፍረዋል?

ወደ ጥምቀትም እንውረድ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲሄዱ ወጣቶቻችን መንገዱን እየጠረጉ፣ ምንጣፉን እያነጠፉና መልሰው እየጠቀለሉ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የሚያስመሰግን አገልግሎት ነው፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ሜዳውን ዞር ብሎ የሚያየው ማን ነው? ታቦት ያደረበት ሜዳ በሃይላንድ፣ በፌስታል፣ በብስኩት ልጣጭና በሸንኮራ ምጣጭ ተሸፍኖ ይቀራል። ሸንኮራው ይበሰብሳል፤ የቀረው ንፋስ እየወሰደ ከየእሾሁና ከየቁጥቋጦው ላይ ይሰቅለዋል። መንገዱን የጠረግነው ለእግዚአብሔር ክብር ከሆነ፣ እግዚአብሔር በማግስቱም እዚያው አለ። ለሚያየን ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

በኦሪት እስራኤል ከሰፈራቸው ውጭ ለዕዳሪ የሚሆን ቦታ እንዲለዩ፣ ከመሣሪያቸው ጋር መቆፈሪያ እንዲይዙና ከእነርሱ የወጣውን እንዲሸፍኑ ታዝዘው ነበር። የትእዛዙን ምክንያት አስተውሉ። በሽታ እንዳይዛቸው ነው አልተባለም፤ ይህም እውነት ቢሆን። እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ሰፈሩ የተቀደሰ ይሁን ተባለ እንጂ (ዘዳ. 23፥12-14)። እንግዲህ ስለ ቆሻሻ ማስተማር የማዘጋጃ ቤት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ክፍል ከመጽሐፉ ምን ሊያደርገው ነው?

(ስለ ቲሸርቱም አንድ ነገር እንበል። በየዓመቱ ለየበዓሉ አዲስ ቲሸርት ይታተማል፤ የዓመቱ ቁጥር ስለተጻፈበት ለከርሞ «ያለፈበት» ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱን ከመጻፍ ብንቆጠብ ያው ልብስ አምስት ጥምቀት ይወርድ ነበር። ባነሩም እንዲሁ ነው፤ ቀን ያልተጻፈበት ባነር በየዓመቱ ይሰቀላል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ፣ ምንም እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፥12-13)። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። እንጀራን ከትንሹ ማብዛት የሚችል፣ ሲሻ ነገም እንደገና ማብዛት የሚችል አምላክ ፍርፋሪ ለምን ያስለቅማል? ስላጠረው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በእጁ የተባረከ ነገር ከሣር ላይ ተረግጦ እንዲቀር ስላልፈቀደ ነው። ድሃ ስለሆነ የሚቆጥብ ሰው ሀብት ሲያገኝ ያባክናል። የጌታ ትእዛዝ ግን በተረፈበት ሰዓት የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ «ድሆች ነን፣ ምን የሚባክን ነገር አለን?» የሚለውንም «አለን፣ ምን ያሳስበናል?» የሚለውንም እኩል ይመለከታል።

ይህን ትእዛዝ ቤተ ክርስቲያናችን በተግባር ስትፈጽመው ኖራለች። የጎንደር ሊቃውንት በምን አደጉ? የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቍራሽ አይደለምን? የቤት እመቤቲቱ ከሌማቷ የተረፈውን አትጥልም፤ ተማሪ ይመጣልና። ተማሪው ደግሞ የተረፈውን አድርቆ ኮቾሮ ያደርገዋል፤ ኮቾሮውን በውኃ አርሶ እየበላ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ይቀጽላል። ዛሬ በየመቅደሱ የምንሰማው ማሕሌት በትርፍራፊ የተመገበ ማሕሌት ነው። ያን ፍርፋሪ ዛሬ በፌስታል ቋጥረን ወደ ወንዝ ስንወረውረው፣ የወረወርነው እንጀራ ብቻ አይደለም።

የበግና የፍየል ቆዳም ነገር እንዲሁ ነው። ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በኋላ በየከተማው ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ሲሸት ታያላችሁ። የገበያው ዋጋ ስለወደቀ ማንም አይገዛውም ይባላል። የገበያው ነገር ከእጃችን ውጭ ነው፤ እሺ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከቆዳ ጋር ዝምድና አላት፤ መጻሕፍቶቿ በብራና ተጽፈዋል፣ ከበሮዋ በቆዳ ተለጉሟል፣ ተማሪዋ ደበሎ ለብሷል። በዚህ በብርድ አገር አጎዛ የሌለው መነኩሴ፣ የሚተኛበት ያጣ የአብነት ተማሪ እያለ የበግ ቆዳ በቱቦ ውስጥ ሲበሰብስ ማየት ምን ይባላል? ቆዳ ማልፋትና መዳመጥ የሚችሉ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስቱ ቢማሩት መልካም ነበር።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ሌላ ተቃውሞ አለ። ግማሹ እውነት ነው። ፋብሪካውን የሠራው፣ ላስቲኩን የፈለሰፈው፣ ከእኛ ይልቅ እጅግ አብዝቶ የሚጥለው ሌላው ዓለም መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ዕቃን ደጋግሞ መጠቀምን ከፈረንጅ የተማርን የሚመስለው ሰው እናቱን አላያትም ማለት ነው። የመንገድ ስንቅ በአገልግል ይያዝ ነበር፤ አገልግሉ ቢያረጅ እንደገና ቆዳ ይለበጥለታል። እህል በስልቻና በአቁማዳ፣ ውኃ በእንስራ፣ ጠላ በቅል ይያዝ ነበር። የጠላው አተላ ለከብት፣ የምድጃው አመድ ለጓሮ ይሰጣል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እንደገና ዳገት ይወጣል። በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት የመኪና ቸርኬ ደወል ሆኖ ለኪዳን ሲጠራ ሰምተን የለምን? በአዲስ አበባም «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ምድጃና ማንቆርቆሪያ የሚያወጡት ባለሙያዎች ይህን ጥበብ ከማንም አልተዋሱትም።

አባቶቻችንንም ግን ያለ ልክ አናወድስ። እነርሱም ቆሻሻቸውን ከቤቱ ጓሮ፣ ከገደሉ አፋፍ ይጥሉ ነበር። ልዩነቱ የሚጥሉት ነገር ነው። የጣሉት ገለባ፣ አመድ፣ ልጣጭ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የተቀደደ ሰሌን ነበር፤ ከሸክላው በቀር በሁለት ክረምት አፈር ይሆናል፣ ሸክላውም አፈር ነበርና ምንም አይጎዳም። እኛ ልማዱን ወረስን፤ በእጃችን ያለው ነገር ግን ተለወጠ። እጃችን እንደ አያታችን እጅ ወደ ገደሉ ይወረውራል፤ የሚወረወረው ግን ባትሪ፣ ላስቲክ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። አፈር የማይሆነውን ነገር አፈር እንደሚሆነው አድርገን እየጣልን ነው፤ በሽታችን ይህ ነው። መፍትሔውም ለሁላችን ቅርብ ነው፦ የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን መለየት። ይህን የማይችል ቤት የለም።

አሁን አገራችንን እንመልከት። ደባርቅ በተራራ ትከሻ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ እንዳልን ምድሩ ያልቃል፤ ሊማሊሞ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ ዛሪማ፣ ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ጎርፉም እንዲሁ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ከመንገዳችን፣ ከገበያችን፣ ከአጥራችን ሥር ያለውን ሁሉ ጠርጎ በገደሉ ይለቀዋል። በአውቶቡስ የሚሄደውም መንገደኛ ሃይላንዱን ጨርሶ በመስኮት ይወረውረዋል፤ ሊማሊሞ ጥልቅ ስለሆነ የወደቀበት አይታይም። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ ተከዜም ከአትባራ ጋር ሆኖ ከዓባይ ይቀላቀላል።

ከሥራችን ያለው ማን ነው? በቆላው ውኃውን ቀድቶ የሚጠጣ፣ ከብቱን የሚያጠጣ ገበሬ ነው። ከዚያም ወዲያ የዋልድባ ገዳም ነው። እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ብቻ የሚኖሩ መናንያን ያሉበት፣ እኛም በረከት ፍለጋ ሊማሊሞን ወርደን የምንሳለመው ያ ገዳም ነው። እዚያ ደርሰን ጫማችንን አውልቀን መሬቱን እንስማለን። ከላይ ሆነን የምንልክለት ግን ምንድን ነው?

ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለዚህ የተናገረውን ቃል ሳነበው ስለ ሰሜን የተጻፈ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ለመንጋው ይናገራል፤ ንጹሑን ውኃ ጠጥታችሁ ስታበቁ የቀረውን በእግራችሁ ማደፍረሳችሁ አነሰባችሁን? ሌሎች በጎቼ እናንተ ያደፈረሳችሁትን ይጠጣሉ የሚል ተግሣጽ ነው (ሕዝ. 34፥17-19)። በዚያ ምዕራፍ እረኞቹ አስቀድመው ተወቅሰዋል፤ ይህኛው ቃል ግን የተነገረው ለራሳቸው ለበጎቹ ነው። ስለዚህ «ባለሥልጣኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ መንግሥት» ብለን የምንደበቅበት ቦታ የለንም። የእረኛው ወቀሳ የእረኛው ነው፤ እግሩን ውኃው ውስጥ የከተተው በግ ግን ስለ እግሩ ይጠየቃል።

በእውነቱ ቆሻሻ «መጣል» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ወደ ሌላ ሰው መላክ ነው። በአዲስ አበባ ረጲ «ቆሼ» የሚባለው የቆሻሻ ክምር ለአሥርተ ዓመታት የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ በዐቢይ ጾም፣ ክምሩ ተንዶ በሥሩ በደሳሳ ጎጆ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነርሱን የገደላቸውን ክምር ማን ሠራው? አንድም ሰው አልሠራውም፤ ሁሉም ሰው ግን አንድ አንድ ፌስታል ጨምሮበታል። እኛም በዚያ ሰሞን አልቅሰናል፣ ፍትሐት አድርሰናል። ከዚያ በኋላ ግን ቆሻሻችንን በምን እንደምንጥል የለወጥነው ነገር አለን?

ሕጉም ቢሆን አልጎደለንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሱ ፌስታል ከገበያችን ስለ መጥፋቱ የሚመሰክር ካለ ይምጣ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል፤ በሚጠቀም ግለሰብም ላይ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ቅጣት ደንግጓል። ቅጣት ሰውን ያስፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ተቆጣጣሪ ባለበት ብቻ ነው። በሊማሊሞ መታጠፊያ፣ በጨለማ፣ ከአጥር ጀርባ ተቆጣጣሪ የለም። እዚያ የሚሠራው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ ይህንን ማስተማር ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ለእንግዳና ለቱሪስት ብለን እናጽዳ የሚለው ምክርም አያስደስተንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ደስ ይበለን። ዋልያውን፣ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን ሊያይ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ሆኖም ፈረንጅ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ አጽድቶ የራስን ልጅ መጫወቻ ሜዳ መተው ከላይ ያልነው የጥምቀት መንገድ መጥረግ ወንድም ነው። ላሟና በጓም ቱሪስት አይደሉም፤ ፌስታሉን ከሣር ጋር ይበሉታል፣ በጨጓራቸው ተጠቅልሎ ይገድላቸዋል። የሚተዳደርባት አንዲት ላም የሞተችበት ሰው ይህ የፈረንጅ ወሬ አይመስለውም።

«ምድር ታልፋለች፤ ስለምታልፍ ነገር ምን አደከማችሁ?» ለሚሉን በአጭሩ እንመልሳለን። ሥጋችንም ይፈርሳል፤ ነገር ግን ለቅዳሴ ታጥበን እንሄዳለን። ሐዋርያው ጴጥሮስ የሰማይና የምድርን ማለፍ ከተናገረ በኋላ ወዲያው የጠየቀው በቅድስና እንዴት ልትኖሩ ይገባችኋል ብሎ ነው (2ጴጥ. 3፥10-11)፤ ስለዚህ እንደ ፈለጋችሁ አቆሽሹ አላለም። ዮሐንስም በራእዩ ምድርን የሚያጠፉ የሚጠፉበት ጊዜ እንዳለ ጽፏል (ራእ. 11፥18)። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ጠባቂ ደግሞ የተረከበውን ቆጥሮ ያስረክባል።

ችግኝ ተከላውንም ሳናነሣ አናልፍም፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በየክረምቱ ደክመው የሚሠሩት ሥራ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህም ተከላው ቀጥሏል። መልካም። ነገር ግን ተከላ ከተደረገበት ኮረብታ ላይ ጉድጓዱ አጠገብ የተጣለውን ጥቁር የችግኝ ላስቲክ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ዛፉ ቢደርቅም ላስቲኩ አይደርቅም። ፎቶ ተነሥቶ፣ ዘምሮ፣ ላስቲኩን ሜዳ ላይ ትቶ የሚመለስ ቡድን ተራራውን አለበሰው ወይስ አቆሸሸው? ባዶውን ላስቲክ በማዳበሪያ ሰብስቦ ወደ ችግኝ ጣቢያው መመለስ የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናቱን ደን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓለም ያሳዩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አገሩ ሁሉ ሲራቆት ደኑ የቀረው በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ መሆኑን ነው። ያን ደን ያቆየው ዘመቻ አይደለም፤ ከዚህ ቦታ ቅጠል አይቆረጥም ብሎ ያመነ ትውልድ ነው። በዚያ አጥር ውስጥ የቅጠሉን ቦታ ፌስታል ሲወስደው ዝም ማለት ለእኛ ያስፈራል።

እንግዲህ በቤት ምን ይደረግ? ከምግብ የሚተርፈውን ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ገለባ፣ ፍግና አመድ በአንድ ጉድጓድ እያነባበሩ በአፈር መሸፈን፣ እርጥበቱን መጠበቅ፣ አልፎ አልፎም ማገላበጥ ነው። የእኛ አገር ብርድ ስለሆነ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል፤ ወራት ይፈጃል፤ ተስፋ አትቁረጡ። የወጣው ብስባሽ ለድንቹም ለነጭ ሽንኩርቱም ይሆናል። ፍጉን ሁሉ ኩበት አድርገን ስናነድ የመሬቱን ቀለብ እያነደድን መሆኑንም እንወቅ፤ ሌላ ማገዶ ለሌለው ሰው ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ ይገባናል፣ ስለዚህ ከፍጉ ጥቂቱን እንኳ ለጉድጓዱ ማስቀረት ይበቃል።

ላስቲክን ማቃጠል መፍትሔ አይደለም። ጭሱ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሰውም ከጎን ያለው ሕፃን ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የጥምቀቱንና የንግሡን ላስቲክ ሰብስቦ ማቃጠል በአንዳንድ ደብር ልማድ ሆኗል፤ ዕጣን በሚታጠንበት ስፍራ ያን ጭስ መልቀቅ ለአእምሮም ይከብዳል።

የዘይት ጀሪካን አጥቦ ለውኃና ለጸበል መጠቀም መልካም ነው፤ ይህን እናቶቻችን ቀድመው ያውቁታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለን፦ የተባይና የአረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ውኃ አይያዝበት። ስለ ጸበሉም፣ ከቤቱ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ከምንጩ ዳር ባዶ ሃይላንድ ጥሎ አይሄድም። ለጸሎት የሄደ ሰው ጸበሉን ወስዶ ቆሻሻውን ለጸበሉ ቦታ መተዉ ምን ዓይነት ልውውጥ ነው?

ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አባላት ከሁሉ አስቀድመን የምንለምነው ግን ከጽዋው እንድትጀምሩ ነው። በየማኅበሩ መዋጮ አንድ ጊዜ ሰብስባችሁ የማኅበርተኛውን ቁጥር የሚያህል ብርጭቆና ሳሕን ግዙ፤ የሚያጥቡትን ከወንዶች ጭምር በተራ መድቡ። ለጥምቀትም ምንጣፍ የሚያነጥፍ ቡድን እንዳለ ሁሉ ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሜዳውን የሚለቅም ቡድን ከወዲሁ ይሰየም፤ ስሙም ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ ጋር በአንድ ዝርዝር ይጻፍ። ከዚህ ወር ማኅበር ጀምሮ ተረኛው ጽዋውን ሲረከብ ብርጭቆዎቹንና ሳሕኖቹን በመሶብ ቆጥሮ ይረከብ። የተሰበረ ካለ፣ የሰበረው ይተካ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።